በእርሻ ሥራ ላይ የተጐዳውን ሠራተኛ ስለ መርዳትና ወደ ሥራው ስለ መመለስ

ከመስከረም እኩሌታ ጀምሮ እስከ ኅዳር ድረስ በመተማና በሑመራ ቆላ የሰሊጥ አዝመራ ሲደርስ፣ ከደጋው አገር እጅግ ብዙ ሰው ማጭዱን ይዞ ወደ ቆላው ይወርዳል። ሰሊጥ እንደ ሌላው እህል ታግሦ የሚጠብቅ አይደለም፤ ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ የታችኛው ፍሬ ሊከፈት ሲል በጥቂት ቀን ውስጥ ካልታጨደ ዘሩ ከመሬት ይፈስሳል። ስለዚህ ባለ እርሻውም፣ ካቦውም፣ አጫጁም በዚያ ወራት የሚያስቡት ስለ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይኸውም ፈጥኖ መጨረስ ነው። ሰው የሚጐዳውም አብዛኛውን ጊዜ በዚሁ ጥድፊያ ውስጥ ነው።

የእርሻውን መዝገብ የሚመረምር ሹም ስንት ሄክታር እንደ ተዘራ፣ ስንት ኩንታል እንደ ገባ፣ ስንት ከረጢት እንደ ጐደለ ተጽፎ ያገኛል። በሬ የሞተ ወይም ትራክተር የተሰበረ እንደ ሆነም ይጻፋል። ነገር ግን በዚያው ወራት ስንት ሰው እጁን ማጭድ እንደ ቈረጠው፣ ስንቱን እባብ እንደ ነደፈው፣ ስንቱስ ሳይድን ወደ አገሩ እንደ ተመለሰ የሚናገር መዝገብ ብዙ ጊዜ አይገኝም። ለወረዳ አስተዳዳሪዎች፣ ለሹማምንትና ሰፊ እርሻ ለሚያሳርሱ ሰዎች ይህን ጽሑፍ የምናቀርበው ስለዚሁ ስላልተጻፈው ነገር ነው።

በ2011 ዓ.ም. በኅዳር ወር የመሥሪያ ቤቱ ጉዳይ ወደ ቆላው ወስዶኝ ሳለ፣ ስሙን በማልጠራው በአንድ እርሻ ዕድሜው ሠላሳ ዓመት የሚሆን የደጋ ሰው አየሁ። ግራ እጁ በጨርቅ ተጠቅልሎ ከዳሱ ጥላ ሥር ብቻውን ተቀምጧል። አጫጅ ሰሊጡን በግራው ጨብጦ በቀኙ ማጭዱን ይስባልና፣ ማጭዱ ባመለጠ ጊዜ የሚያገኘው ግራውን እጅ ነው። የዚህም ሰው ሁለት ጣቶቹ እስከ ጅማታቸው ተቈርጠው ነበር። ጓደኞቹ ደሙ እንዲቆም ብለው የቡና ዱቄት ነሰነሱበት፤ ካቦውም ከከረጢት በተቀደደ ጨርቅ አጥብቆ አሰረው። ትራክተሩ በዚያ ቀን እህል ሲያመላልስ ዋለ፤ በማግሥቱም እንደዚሁ። ሰውዬው ከሐኪም የደረሰው በአምስተኛው ቀን ሲሆን ቍስሉ መግሎ ስለ ነበረ ሁለቱም ጣቶች ወጡ። እኔ ባየሁት ጊዜ ከሐኪም ቤት ተመልሶ የመሳፈሪያ ብር እስኪሰጡት ይጠብቅ ነበር። «ወንድሜ፣ አገርህ ስትገባ ምን ትሠራለህ?» ብዬ ብጠይቀው፣ «ጌታዬ፣ ዕርፍና ጅራፍ ሁለት እጅ ይፈልጋሉ፤ እኔስ እንጃ» አለኝ።

ባለ እርሻው ክፉ ሰው አልነበረም። የሠራበትን ምንዳ ሳያጐድል ከፈለው፤ የመሳፈሪያውንም ብር ከኪሱ ሰጠው፤ ደግ ሥራ እንደ ሠራም ያለ ጥርጥር ያምን ነበር። ስሕተቱ ነገሩ በዚያ ያለቀ መስሎ መታየቱ ነው።

የተጐዳ ሰው ወደ ሥራው የመመለሱ ነገር የሚጀምረው በተጐዳባት ሰዓት ነው። በመጀመሪያው ቀን የተበላሸውን ከዚያ በኋላ ብዙ ገንዘብ አያቀናውም። ደም የሚያፈስሰውን ቍስል ንጹሕ ጨርቅ ደርቦ በእጅ አጥብቆ መጫን፣ የተጐዳውንም ክንድ ወይም እግር ከፍ አድርጎ መያዝ ነው፤ ደሙ ካልቆመ መጫኑን ሳያቋርጡ ወደ ሐኪም መውሰድ ነው። ትንሹን ቍስል በንጹሕ ውሃና በሳሙና ያጥቡታል። የቡና ዱቄት፣ ዐመድ፣ ዐፈር ወይም እበት በቍስል ላይ ማድረግ ግን እጅግ አደገኛ ነው። መንጋጋ ቆልፍ የተባለው በሽታ ዘሩ የሚኖረው በዐፈርና በከብት እበት ውስጥ ስለ ሆነ፣ የእርሻ ቍስል ቢያንስም ሐኪም ሊያየውና የክትባቱን ነገር ሊመረምር ይገባል።

እባብ የነደፈውን ሰው በገመድ ማሰር፣ የተነደፈውን ስፍራ በምላጭ መብጣት፣ መርዙንም በአፍ መምጠጥ በአገራችን የተለመደ ነው፤ ነገር ግን ሦስቱም ጕዳት ይጨምራሉ እንጂ አያድኑም። የተነደፈው ሰው እንዳይራመድ፣ የተነደፈውም እጅ ወይም እግር እንዳይንቀሳቀስ አድርጎ፣ ቀለበትና ጫማ አውልቆ፣ በቃሬዛ ወይም በመኪና ፈጥኖ ወደ ሐኪም ቤት መውሰድ ነው። መርዙን የሚያከሽፈው መድኃኒት በየጤና ጣቢያው ሁሉ አይገኝምና፣ ባለ እርሻው ከአዝመራው በፊት በየትኛው ሐኪም ቤት እንዳለ ጠይቆ ሊያውቅ ይገባዋል። በእኩለ ሌሊት ሰው ተሸክሞ ከአንዱ ደጅ ወደ ሌላው ደጅ መንከራተት የዚህ ጥያቄ አለመጠየቅ ዋጋ ነው።

የአረም መድኃኒት የፈሰሰበት ሰው ልብሱን ወዲያው አውልቆ ገላውን በብዙ ውሃና በሳሙና ይታጠብ፤ ወደ ዐይኑ የገባበትም እንደ ሆነ ዐይኑን ገልጦ ከሩብ ሰዓት ላላነሰ ጊዜ በንጹሕ ውሃ ያስፈስሱበት። ሐኪሙ የመድኃኒቱን ዓይነት እንዲያውቅ ጽሑፉ ያለበትን ዕቃ ይዞ መሄድ ነው። ባዶውን ዕቃ አጥቦ የመጠጥ ውሃ መቅጃ ማድረግ፣ በየእርሻው እስከ ዛሬ የማየው ነገር ነው፤ መታጠብ መርዙን አያጠፋውም። ስለ መውቂያ መኪናም አንድ ቃል ብቻ ልናገር፦ ሞተሩ ሳይጠፋ እጅ ወደ ውስጥ አይገባም፤ ነጠላና ጋቢ የለበሰም አይጠጋውም። ጋቢ የደረበ ሰው ከመኪናው ቀበቶ አጠገብ ቆሞ ባየሁ ቍጥር ልቤ ይርዳል።

የዐጥንት ስብራት ግን ሰፋ ያለ ነገር ይፈልጋል። በገጠሩ አገር ዐጥንቱ የተሰበረ ሰው አስቀድሞ የሚሄደው ወደ ወጌሻ እንጂ ወደ ሐኪም አይደለም። ወጌሻውን ለመንቀፍ አልጽፍም፤ ብልሃቱ ከአባት ወደ ልጅ የወረደ ነው፤ ብዙ ሰውም ወለምታውን በወጌሻ እጅ አሽቶ ድኗል። ጕዳቱ የሚመጣው ከማሰሪያው ነው። ስብራት በደረሰ ጊዜ ሥጋው ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ለጥቂት ቀናት እያበጠ ይሄዳል። ዛሬ ልክ የሆነው የሸምበቆ ወይም የቀርቀሃ ማሰሪያ ነገ ይጠብቃል፤ ከነገ ወዲያ ደሙን ይዘጋል። ያን ጊዜ ጣቶቹ ይቀዘቅዛሉ፣ ይደነዝዛሉ፣ ቀጥለውም ይጠቍራሉ። ሕመምተኛው ቢጮኽ «ቻል፤ ሊጠገን ነው» ይሉታል። በመጨረሻ ከሐኪም ዘንድ ሲደርስ እጁን ወይም እግሩን ከመቍረጥ በቀር ሌላ መንገድ አይገኝለትም። በዚህ ምክንያት እጃቸውንና እግራቸውን ያጡ፣ ይልቁንም ሕፃናት፣ በአገራችን ሐኪም ቤቶች ብዙ ታይተዋል። ስብራቱ ሊጠገን የሚችል ነበር፤ ያስቈረጠው ማሰሪያው ነው።

ስለዚህ በየእርሻው ያለ ካቦ ይህን ሊያውቅ ይገባዋል፦ የተሰበረውን እጅ ወይም እግር ሳይስቡና ሳያሹ፣ በጨርቅ በተለበጠ እንጨት ከስብራቱ በላይና በታች ያለውን መጋጠሚያ ጨምሮ ማሰር፤ ጣቶቹን ሳይሸፍኑ መተው፤ ጥፍሩን ተጭኖ ሲለቁት ቅላቱ ወዲያው መመለሱን ማየት ነው። ቅላቱ ከዘገየ፣ ጣቱ ከቀዘቀዘ ወይም ሕመሙ ከቀን ወደ ቀን ከባሰ ማሰሪያው በዚያው ሰዓት ይላላ። ዐጥንቱ ሥጋውን በስቶ የወጣ እንደ ሆነ በንጹሕ ጨርቅ ከመሸፈን በቀር ማንም አይንካው።

አሁን ወደ ሕጉ እንለፍ። እስከ 1967 ዓ.ም. የመሬት ዐዋጅ ድረስ የተጐዳ ጭሰኛ ተስፋው የጌታው ደግነት ብቻ ነበር። አንዱ ጌታ በር ጠባቂ አድርጎ ያኖረዋል፤ ሌላው መሬቱን ለሌላ ይሰጥበታል። ዛሬ ጭሰኝነት የለም፤ የቅጥር ሠራተኛውም ነገር ለማንም ደግነት አልተተወም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ዐዋጅ ቍጥር 1156 እንደሚያዝዘው፣ ሠራተኛ በሥራው ላይ በተጐዳ ጊዜ አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም እንኳ ኀላፊ ነው። ከዚህ የሚወጣው ሠራተኛው ሆን ብሎ በራሱ ላይ ያመጣው ጕዳት ነው፤ ይኸውም በግልጽ የተሰጠውን የጥንቃቄ ትእዛዝ እንደ መጣስ ወይም ሰክሮ ወደ ሥራ እንደ መግባት ያለ ነው። አሠሪው የመጀመሪያውን ርዳታ በጊዜው መስጠት፣ የተጐዳውን ወደሚቀርበው ሐኪም ቤት ማድረስ፣ ነገሩንም ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት ማስታወቅ ግዴታው ነው። የሕክምናው፣ የመድኃኒቱ፣ የሰው ሠራሽ እግርና ክንድም ወጪ የርሱ ነው።

ሠራተኛው ሥራ ሳይሠራ በሚቈይበት ጊዜ፣ እስከ አንድ ዓመት ድረስ፣ ክፍያ ይገባዋል፤ በመጀመሪያዎቹ 3 ወሮች ሙሉ ደመወዙ፣ በተከታዮቹ 3 ወሮች ከመቶው ከ75 የማያንስ፣ በቀሩት 6 ወሮች ከግማሽ የማያንስ ነው። ከቶ ሥራ መሥራት የማይችል ሆኖ የቀረና በጡረታ ወይም በመድን ያልተሸፈነ ሲሆን የዓመት ደመወዙን አምስት እጥፍ፣ ጕዳቱም ከዚያ ያነሰ ሲሆን በጕዳቱ መጠን ይከፈለዋል።

«እርሱ የቀን ሠራተኛ ነው፤ ውል የለውም» የሚለውን ቃል ከብዙ ባለ እርሻ አፍ ሰምቻለሁ። ይህ ስሕተት ነው። ውል በቃልም ይጸናል፤ በጽሑፍ ያልተደረገ እንደ ሆነ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ ዝርዝሩን ጽፎና ፈርሞ ለሠራተኛው ሊሰጥ ይገባዋል፤ ይህን ሳያደርግ ቢቀር የሠራተኛው መብት አይጠፋም። እንግዲህ አለመጻፍ ሠራተኛውን ዕዳ የሌለበት እንግዳ አያደርገውም፤ ነገር ግን በክርክር ጊዜ ባለ እርሻውን ማስረጃ የሌለው ተከራካሪ ያደርገዋል። በሌላ በኩል፣ ካላ አዛርንና ወባን የመሰለውን በአገሩ የተለመደ በሽታ ዐዋጁ ከሥራ በሽታ አይቈጥረውም። ቢሆንም በሜዳ የተኛ ሠራተኛ በአሸዋ ዝንብ ተነክሶ፣ ሁለት ሳምንት ያለፈ ትኵሳት ይዞት፣ ጣፊያው ሲያብጥ ዝም ብሎ መሸኘት አይገባም፤ የወረደበት ቆላ የየትኛው አገር እንደ ሆነ የሚናገር ወረቀት ይዞ ቢሄድ፣ የደጋው ሐኪም ወባ ነው ብሎ ጊዜ አያጠፋበትም።

ሕጉ ይህን ያህል ያዝዛል። ገንዘብ መክፈልና ሰውን ወደ ሥራው መመለስ ግን አንድ አይደሉም። በወንጌል የተነገረለት ደጉ ሳምራዊ የተደበደበውን ሰው ቍስሉን አጥቦ አሰረ፣ በአህያው ጭኖም ወደ እንግዳ ማደሪያ አደረሰው። ሰባኪዎቻችን አብዝተው የሚናገሩት ስለ ዘይቱና ስለ አህያው ነው። ለእኛ ሥራ የሚጠቅመው ግን በማግሥቱ ያደረገው ነው፤ ለቤቱ ጠባቂ ገንዘብ ሰጠ፣ የጐደለውንም ተመልሶ ሲመጣ ሊከፍል ቃል ገባ። ተመልሶ መምጣት የሚሉት ይህ ነገር በእርሻዎቻችን ጐድሏል። በሐኪም ቤት ተኝቶ ሳለ ከእርሻው ማንም ያልጠየቀው ሰው ከሥራው እንደ ተባረረ ይቈጥረዋል፤ ልቡ አንድ ጊዜ ከሸሸ በኋላ እግሩ ቢድን አይመለስም።

ትከሻው በቀንበር የተላጠውን በሬ ገበሬ እንዴት እንደሚይዘው እናስብ። ቍስሉ እስኪደርቅ ቀንበር አያስነካውም። ከዚያም ቀንበሩን በጨርቅ ይለብጥለታል፤ በመጀመሪያው ቀን ለስላሳውን መሬት እስከ ረፋድ ብቻ ያርስበታል፤ ጭንጫውንም መሬት ለሌላው ጥማድ ይተዋል። በሳምንቱ ግማሽ ቀን፣ ከዚያም ሙሉውን ቀን ይሆናል። ይህን ለበሬው የሚያውቅ ጌታ ለአጫጁ ሲሆን ሁለት ቃል ብቻ ያውቃል፤ ወይ «ድነሃል፤ ግባ» ወይ «አልዳንህም፤ ሂድ» ይላል።

በ2012 ዓ.ም. አንዲት ባለ እርሻ ወይዘሮ ያደረጉትን ልንገራችሁ። ከሠራተኞቻቸው አንዱ ከትራክተሩ ተጐታች ሥር ገብቶ ቅልጥሙ ተሰበረ። በዚያው ሰዓት እህሉን አስወርደው ሰውዬውን አሳፈሩ። በሦስተኛው ቀን በሶ አስይዘው ራሳቸው ጠየቁት፤ «ቦታህ አለ» አሉት። ከሐኪሙም የጠየቁት «መቼ ይድናል?» ብለው አይደለም፤ «ስንት ሰዓት መቀመጥ ይችላል? እግሩን መቼ መሬት ያስነካ? ከምን ልከልክለው?» ብለው ነው። ይህ ጥያቄ ከሁሉ ይበልጣል፤ ሐኪም የእርሻውን ሥራ አያውቅም፤ ባለ እርሻም የዐጥንቱን ነገር አያውቅም፤ ሁለቱ የሚገናኙት በዚህ ጥያቄ ነው።

ሰውዬው በምርኵዝ ሲመለስ ከሚዛኑ አጠገብ ተቀምጦ የከረጢቱን ቍጥር እንዲጽፍ አዘዙት። እርሱ ግን ተቈጣ፤ «እመቤቴ፣ እኔ ጐበዝ ነኝ፤ ተቀምጬ የሴት ሥራ አልሠራም» አላቸው። እርሳቸውም «አንተ ልጅ፣ ይህን ሚዛን ሃያ ዓመት የያዝሁት እኔ ነኝ፤ እስቲ አንድ ቀን ያለ ስሕተት ያዘውና እንተያይ» አሉት። ያዘውም። ምንዳውንም አልቀነሱበትም፤ ይህ ታላቅ ብልሃት ነው፤ ቀላል ሥራ ምንዳ የሚያስቀንስ ከሆነ ሠራተኛው ሕመሙን ሸሽጎ ከረጢት ይሸከማልና። በኋላ ግማሽ ቀን አረም፣ ከዚያ ሙሉ ቀን እያደረገ ወደ ቀድሞ ሥራው ሊመለስ ሲችል፣ ሚዛኑን አልለቅም ብሎ ቀረ።

የዐጥንት ጥገና ለክንድ ብዙውን ጊዜ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ይወስዳል፤ ለቅልጥም 3 ወርና ከዚያም የሚበልጥ ነው። ጀሶው ሲወጣ እግሩ ቀጥኖና ደርቆ ይገኛል እንጂ ወዲያው አይጠናም። በዚህ መካከል ለሚሆን ሥራ በየእርሻው አይጠፋም፦ ከረጢት መስፋት፣ ዘር መልቀም፣ ማማ ላይ ሆኖ ወፍ መጠበቅ፣ የመሣሪያ ቤት መያዝ፣ ማጭድ መሳል፣ ለአዲስ አጫጅ አያያዝ ማሳየት። ይህ ዝርዝር ሰው ሳይጐዳ አስቀድሞ የተጻፈ ሊሆን ይገባል፤ አደጋ ከደረሰ በኋላ የሚፈለግ ሥራ የምጽዋት መልክ ይይዛልና። ካቦውም የተጐዳውን ሰው «አንካሳው» «ቆራጣው» እያሉ የሚጠሩትን ጓደኞቹን ዝም ያሰኝ። እንዲህ ያለ ስም ከስብራቱ ይልቅ ብዙ ሰው ከሥራ አስወጥቷል።

ወደ ቀድሞ ሥራው ፈጽሞ ሊመለስ የማይችልም አለ። እግር ላጣ ሰው በአዲስ አበባ፣ በባሕር ዳርና በደሴ ሰው ሠራሽ እግር የሚሠራባቸው ስፍራዎች አሉ። በ2000 ዓ.ም. የወጣው ዐዋጅ ቍጥር 568ም አካል ጉዳተኛ ሥራ እንዳይከለከልና አሠሪው የሥራውን ሁኔታ እንዲያመቻችለት ያዝዛል።

ከሁሉ የከበደው ነገር ግን ሠራተኛው የሌላ ወረዳ ሰው መሆኑ ነው። ቆላ ተጐድቶ ደጋ ሲገባ፣ የቆላው ሹም ከዐይኑ ስለ ራቀ ይረሳዋል፤ የደጋው ሹም ደግሞ የት እንደ ተጐዳ አያውቅም። የሦስት ወር ሙሉ ክፍያ የሚገባው ሰው ከቆላ ድረስ መመላለሻ አጥቶ መብቱን ይተወዋል፤ መሬቱን በእኩል ሰጥቶ በዓመቱ ከእዳ ይገባል፤ ልጁ ከትምህርት ቤት ወጥቶ ከብት ይጠብቃል። ይህን ለማስቀረት አንድ ደብዳቤ ይበቃል። የቆላው ወረዳ ለደጋው ወረዳ የሰውዬውን ስም፣ የጕዳቱን ቀን፣ የእርሻውን ስም፣ የሐኪሙን ወረቀት ግልባጭና የሚቀረውን ክፍያ ጽፎ ይላክ። የደጋው ወረዳም ደብዳቤው ሲደርሰው ክፍያው በአገሩ ባለ ባንክ እንዲደርሰው ያድርግ፤ የቀበሌውም ሰዎች ሰውዬው እስኪያገግም መሬቱን በደቦ እንዲያርሱለት ያስተባብር። ያ ሁለት ጣት ያጣው ሰው አንድም እንዲህ ያለ ደብዳቤ አልተከተለውም።

መዝገቡን በሚመለከት፣ በየእርሻው አንድ ደብተር ይበቃል። የሠራተኛው ስም፣ የመጣበት ወረዳና ቀበሌ፣ የተጐዳበት ቀንና ሰዓት፣ የያዘው መሣሪያ፣ ከሐኪም የደረሰበት ሰዓት፣ በምን ሥራና በስንተኛው ቀን እንደ ተመለሰ ይጻፍበት። የወረዳው ሹም ደብተሩን ሲመለከት በመጀመሪያ ሁለቱን ሰዓቶች ያስተያይ፤ አደጋው በደረሰበትና ሐኪም ባየበት መካከል ያለው ጊዜ የባለ እርሻውን ትጋት ይናገራል። ቀጥሎም ጕዳቱ በአንድ ሰዓት ላይ የበዛ እንደ ሆነ ይመርምር። ከቀትር በኋላ የበዛ እንደ ሆነ ውሃውንና ዕረፍቱን ይጠይቅ፤ በአንድ ካቦ ሥር የበዛ እንደ ሆነ ማጭዶቹን አስመጥቶ ስለታቸውን ይይ፤ የደነዘ ማጭድ አጫጁን በኀይል ያስስበዋልና አምልጦ የሚቈርጠው እርሱ ነው።

የአረም ሠራተኞች ወደ ቆላው መውረድ የሚጀምሩት በሰኔ መጨረሻና በሐምሌ ነው። ስለዚህ ደብተሩ ተሰምሮ፣ የቀላሉ ሥራ ዝርዝር ተጽፎ፣ የእባብ መርዝ ማክሸፊያ ያለበት ሐኪም ቤት ተጠይቆ፣ ለተጐዳ ሰው ማድረሻ የሚሆነውም መኪና ከነነጂው ተለይቶ፣ ሁሉም እስከ ሰኔ 15 ቀን ሊያልቅ ይገባዋል።